አስማት ማለት ስሞች ማለት ነው

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎ ከሐዋሳ ነው፤ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። ፋንታሲ፣ ማለትም አስማት ያለበትን ልብ ወለድ፣ ማንበብ እወዳለሁ። ባለፈው ክረምት አንድ ጓደኛዬ ከደራሲዋ ኡርሱላ ለ ጉዊን የኧርዝሲ መጻሕፍት የመጀመሪያውን አዋሰኝ። በሁለት ሌሊት ጨረስኩት። ቀጥዬ ሌላ፣ ብዙ ቅጽ ያለው ተከታታይ ጀመርኩ። ዘንዶውም ጦርነቱም ሞልቷል፤ ግን ሁለተኛው ቅጽ ላይ ተውኩት። ለምን እንደተውኩት አላውቅም። የምጠይቅዎ በምክንያት ነው። እኔም በአማርኛ አንድ ተከታታይ እየጻፍኩ ነው። ካርታ ሠርቻለሁ። የ12 ነገሥታት የዘር ሐረግ አለኝ። ዋናው ገጸ ባሕርይ ከተወለደ ጀምሮ ኃይለኛ ነው፤ ማንም አያሸንፈውም። 40 ገጽ ለጓደኞቼ አስነበብኩ። ሁሉም «አሪፍ ነው» አሉኝ። ቀጣዩን አምጣ ያለኝ ግን የለም። አንድን ፋንታሲና ገጸ ባሕርያቱን የሚያስወድዳቸው ምንድን ነው?

መልስ፦ ልጄ፣ ከደብዳቤህ ሁሉ ልቤ ውስጥ የቀረው «ቀጣዩን አምጣ ያለኝ የለም» ያልከው ነው። ልጅ ሆነን አያቴ ምድጃ ዳር ተረት ትነግረን ነበር። እሳቱን ልታራግብ ድንገት ቆም ካለች ሁላችንም በአንድ አፍ «ከዚያስ?» እንላታለን። «አሪፍ ነው» ያላት ልጅ አልነበረም። አንተም የቸገረህ ያ «ከዚያስ» ነው። ስለ ፋንታሲ በጅምላ ከማወራህ፣ ሁለታችንም ባነበብነው በኧርዝሲ ላሳይህ።

መጽሐፉን ያገኘሁት በ1970ዎቹ መጨረሻ፣ በእኛ አቆጣጠር፣ ወሎ ውስጥ የአንድ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ሳለሁ ነው። የፒስ ኮር መምህራን ትተዋቸው የሄዱ መጻሕፍት በካርቶን ታጭቀው ዕቃ ቤት ተቀምጠው ነበር። ብዙዎቹን አይጥ ጠርዛቸውን በልቷቸዋል። የዚህኛው ሽፋን ተገንጥሎ ጠፍቷል። ስለዚህ ምን ዓይነት መጽሐፍ እንደሆነ የሚነግረኝ ሥዕል አልነበረም። ገለጥኩት። ተራራ ላይ ፍየል የሚጠብቅ ልጅ አገኘሁ። እኔም እስከ አሥር ዓመቴ ፍየል ጠብቄያለሁ።

ያንን ትዕይንት አስታውሰው። ልጁ ሰባት ዓመቱ ነው። እናቱ ሞታለች፤ አባቱ ነሐስ ቀጥቃጭ ነው። አክስቱ የመንደሩ አዋቂ ናት። አንድ ቀን ጎጆ ጣሪያ ላይ ወጥታ አልወርድ ያለችን ፍየል አክስቱ በቃል ብቻ ስታወርዳት ይሰማል። በማግሥቱ ተራራው ላይ ሆኖ ያንኑ ቃል ለመንጋው ይጮኻል። ፍየሎቹ ይመጣሉ። አንዲት አትቀርም። ድምፅ ሳያሰሙ ይመጡና ዙሪያውን ይከቡታል። ቀንዳቸውና ሽታቸው ያፍነዋል። ሲሮጥ አብረውት ይሮጣሉ። እንደዚያ እንደተጣበቁበት፣ እሱ እያለቀሰ፣ መንደር ይገባሉ።

ፍየል የጠበቀ ሰው አንድ ነገር ያውቃል፤ ፍየል ስትጠራት አትመጣም። ገደል ላይ ቆማ እያየችህ ታመነዥካለች። ልጅ ሳለሁ የሚመሽብኝ እነሱን ስሰበስብ ነበር። እንዲህ ያለች ቃል ባገኝ ብዬ ስንቴ ተመኝቻለሁ። መጽሐፉ ምኞቴን ሰጠኝ፤ በዚያው ገጽ ላይ ደግሞ አስፈራኝ። ያገኘኸው ነገር አልላቀቅ ሲልህ ምን ታደርጋለህ? ልብ በል፤ ይህ ሁሉ ገና መጀመሪያው ላይ ነው። ስለ ነገሥታት የተነገረን ነገር የለም። እኔ ግን ለዚያ ልጅ ሰግቻለሁ። ስለሰጋሁም ቀጣዩን ገጽ ገለጥኩ።

በኋላ ልጁ፣ ጌድ፣ ሮክ ደሴት ላይ ወዳለው የአስማት ትምህርት ቤት ይሄዳል። ከማንም በላይ ጎበዝ ነው። ጎበዝነቱ ብቻውን ግን እንድንወደው አያደርገንም። ጃስፐር የሚባል ባለ ጠጋ ልጅ ስለናቀው፣ እልህ ይዞት፣ የሞተች ሴት መንፈስ እጠራለሁ ብሎ ይፎክራል። ይጠራልም። በከፈተው ቀዳዳ ግን ጥላ የመሰለ ክፉ ነገር ገብቶ ፊቱን ይቧጭረዋል። ያንን ቀዳዳ ሲዘጉ የትምህርት ቤቱ ታላቅ፣ ሽማግሌው፣ ይሞታሉ። ጌድ ወራት ታሞ ይተኛል። ጠባሳው ዕድሜ ልኩን ፊቱ ላይ ይቀራል። የቀረው መጽሐፍ ሁሉ የዚያች አንዲት ሌሊት ዕዳ ነው።

አሁን የአንተን ልጅ አስበው። ማንም አያሸንፈውም አልክ። ታዲያ ለእሱ ማን ይሰጋለታል? ጉልበተኛን ሰው ያደንቀዋል። የምንወደው ግን እንደኛ የሚሳሳተውን፣ ስሕተቱም የሚያስከፍለውን ነው። ያ የተውከው ተከታታይ ምን እንደሆነ አልነገርከኝም። አንድ ነገር ግን ልጠይቅህ። እዚያ መጽሐፍ ውስጥ አስማት ሲሠራ ዋጋ የከፈለ ሰው ነበር? ካልነበረ የተውክበት ምክንያት እሱ ይመስለኛል።

ኦጊየንን ደግሞ እይ፤ ጌድን ከሮክ በፊት ያስተማረውን አስማተኛ። የመሬት መንቀጥቀጥ ያስቆመ ሰው ነው ይባልለታል። ታዲያ ከተማሪው ጋር ተራራ ለተራራ ሲሄዱ ዝናብ ይመጣል። ሌላ አስማተኛ ቢሆን ደመናውን ወደ ጎረቤት ይገፋዋል። ኦጊየን ግን ዝናቡን ትቶት ዛፍ ሥር ገብቶ ይተኛል። ጌድ ቁጥቋጦ ውስጥ ኩርምት ብሎ ይበሰብሳል፤ ኃይል ኖሮት ካልተጠቀመበት ምን ያደርግለታል ብሎ ይናደዳል። እኛ አገር ክረምትን የሚያውቅ ሰው የተናደደውን ልጅም ይረዳዋል፣ ሽማግሌውንም ይረዳዋል። ከአንተ ማሳ ያባረርከው ዝናብ የሌላውን ማሳ ያጥለቀልቃል። ያኛውም ገበሬ ነው። የዚያ ዓለም ሕግ ይኸው ነው፤ አንዱን ነገር ስትነካ ሌላው ይነካል። ለ ጉዊን ይህን ሕግ የትም አትጥሰውም። አስማቱን እንድናምን ያደረገን ይህ ይመስለኛል።

ወደ ስሞቹ ልምጣ። እኔን የያዘኝ እዚህ ላይ ነው።

«አስማት» የምንለውን ቃል ተመልከተው። በግእዝ አንዱ ስም ነው፤ ሲበዛ አስማት ይባላል። በቁሙ «ስሞች» ማለት ነው። ለ ጉዊን ካሊፎርኒያ ተወልዳ ያደገች አሜሪካዊት ናት። የፈጠረችው ዓለም ግን በዚህ ቃል ላይ የቆመ ይመስላል። እዚያ እያንዳንዱ ነገር በጥንታዊው ቋንቋ እውነተኛ ስም አለው። ድንጋዩም፣ ባሕሩም፣ ወፉም። ስሙን ያወቀ ያዘዋል። ስለዚህ ሰው እውነተኛ ስሙን ይደብቃል፤ በአደባባይ የሚጠራው በሌላ ነው። ጌድን ሰዎች የሚያውቁት «ጭልፊት» በሚል ስም ነው። ስሙን ያገኘበት ሥርዓት ደግሞ እንዲህ ነው። 13 ዓመት ሲሞላው አክስቱ የልጅነት ስሙን ትወስድበታለች። ራቁቱን ቀዝቃዛ ውኃ ይሻገራል። ማዶ ኦጊየን ክንዱን ይዞ አዲሱን ስም ጆሮው ላይ ያንሾካሹክለታል።

እኔ ይህን ሳነብ ጥምቀትን አሰብኩ። ወንድ በ40 ቀን፣ ሴት በ80 ቀን። የዓለም ስምና የክርስትና ስም። እኛ ቤት የክርስትና ስም ለማንም አይነገርም ነበር። ክፉ ሰው ከሰማው ያስደግምብሃል ይባላል። አያቴ፣ ያቺ ተረት ነጋሪዋ፣ በመንደሩ የምትታወቀው በቤት ስሟ ብቻ ነበር። ከአልጋ በዋለችበት ዓመት አንድ ማታ ጠርታ አስጎነበሰችኝና የክርስትና ስሟን ጆሮዬ ላይ ነገረችኝ። ስትሞት ቄሱ ለፍትሐት ስሟን ጠየቁ። አጎቶቼ ተያዩ። የነፍስ አባቷ ቀድመዋት አርፈው ነበር። ከሁሉ ትንሹ እኔ ነበርኩ፤ 16 ዓመቴ። ወደ ቄሱ ተጠግቼ ነገርኳቸው። ስሙን እዚህም አልጽፈውም።

ከዓመታት በኋላ፣ ዕቃ ቤት ውስጥ፣ ካርቶን ላይ ተቀምጬ፣ ቬች ከጌድ የሚለያይበት ገጽ ላይ ደረስኩ። ቬች ጥቁር፣ ደንዳና፣ ነገር የማያወሳስብ ልጅ ነው። ትምህርቱን ጨርሶ ወደ አገሩ ሊሄድ ነው። ጌድ ገና ከሕመሙ ማገገሙ ነው፤ ፊቱ ተበላሽቷል፣ ኩራቱ ተሰብሯል፣ በእሱ ጥፋት ሰው ሞቷል። ቬች ምንም ትልቅ ነገር አይናገርም። ከፈለግኸኝ በስሜ ጥራኝ ይለዋል። ስሜ ኤስታሪዮል ነው።

መጽሐፉን ዘግቼ ብዙ ቆየሁ። ያ ልጅ ነፍሱን ነበር የሰጠው። ሰው ሊያጠፋበት የሚችልበትን ነገር፣ ራሱን በማያምን ሰው እጅ አስቀመጠለት። በተራ ልብ ወለድ አንዱ ለሌላው ስሙን ቢነግረው ምንም አይደለም። እዚህ የሚያስለቅሰው ሕጉ አስቀድሞ ስለተተከለ ነው። ፋንታሲ ከሌላው ድርሰት የሚበልጥበት ቦታ ካለ ይህ ነው ብዬ አምናለሁ፤ በደጉ ጊዜ የማናየውን መተማመን እጅህ ላይ እንዳለ ዕቃ አድርጎ ያሳይሃል። በኋላ ጌድ ጥላውን ፍለጋ ከመጨረሻው ደሴት ወዲያ ሲቀዝፍ ጀልባው ላይ አብሮት ያለው ማን ነው? ቬች ነው። ማንም አላስገደደውም።

አንድ ነገር ልጨምርልህ። ጌድ ፈረንጅ አይደለም። መልኩ የቀላ ቡናማ ነው፤ እኛ ቀይ ዳማ የምንለው። መጽሐፉ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1968 አሜሪካ ውስጥ ነው፤ በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ጀግና በፋንታሲ አልተለመደም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2004 ታሪኩ ለቴሌቪዥን ሲሠራ ጌድን ነጭ አደረጉት። ደራሲዋም በይፋ ጽፋ ተቃወመች። እኔ ሽፋን አላየሁም፤ ስለዚህ ጌድ ከመጀመሪያው ጀምሮ የወሎ ልጅ ሆኖ ነው የታየኝ። ደራሲዋ የጻፈችውን ሳየው ተሳስቼ እንዳልነበር አወቅሁ። ያን ቀን የተሰማኝን ደስታ እስካሁን አልረሳሁትም።

ካርታህን አትጣለው። ለ ጉዊንም ልብ ወለዱን ከመጻፏ በፊት የደሴቶቹን ካርታ ስላለች። ግን ቁጭ አድርጋ አታስተምርህም፤ በጀልባ ይዛህ ትሄዳለች። 12ቱን ነገሥታት አንተ እወቃቸው፤ አንባቢህ አንዱን ብቻ ይወቅ፣ እሱንም ሲያስፈልገው። ልጁ በገዛ ጥፋቱ አንድ ነገር የሚያጣበትን ቀን ጻፍልኝ። ስሙን ለማን እንደሚነግር ወይም ምን እንደሚደብቅ ወስን። ደግሞ ያለኸው ሐዋሳ ነው። አሞራ ገደል ሂድና ዓሣ አራጆቹ አጠገብ የሚቆሙትን አባ ኮዳዎች አንድ ጠዋት ሙሉ እያቸው። ክንፋቸውን እንደ አሮጌ ካፖርት ጣል አድርገው፣ በራ ጭንቅላታቸውን አቀርቅረው፣ አንድ እግር አንስተው አንዱን እያሰቡበት ሲራመዱ። ያንተ ዘንዶ እንዴት እንደሚራመድ እዚያ ታገኘዋለህ። የጻፍከውን ላክልኝ፤ አነባለሁ።

ጥያቄ፦ የምጽፈው ከአዳማ ነው። የ13 ዓመት ልጅ አለችኝ። ዘንድሮ በሥራ ምክንያት ከድሬዳዋ ተዛውረን ትምህርት ቤት ቀይራለች። ከዚያ ወዲህ ሰባቱን የሃሪ ፖተር መጻሕፍት እያነበበች ነው፤ ጨርሳ እንደገና ጀመረች። ጎበዝ ተማሪ ናት፣ ግን ዝምተኛ ሆናለች። መጽሐፉ ስለ ጥንቆላ ነው ሲሉ እሰማለሁና ፈራሁ። ምን አግኝታበት ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ ፍርሃትዎን አልንቀውም። ሃይማኖት ያለው ሰው ልጁ የምታነበውን ቢጠይቅ ትክክል ነው። ነገር ግን አስቀድመው የመጀመሪያውን መጽሐፍ ራሱን ያንብቡት፤ እንግሊዝኛው ካስቸገረዎ እሷ እየተረጎመች ታንብብልዎ። ከዚያ የነፍስ አባትዎን ማማከር ካስፈለገ ያነበቡትን ይዘው ያማክራሉ።

ምን እንዳገኘችበት ግን ከደብዳቤዎ የገባኝ ይመስለኛል። ታሪኩ የሚጀምረው በዘመድ ቤት፣ ደረጃ ሥር ባለ ቁም ሣጥን ውስጥ በሚተኛ ወላጅ አልባ ልጅ ነው። ማንም አይፈልገውም። ከዚያ ማንንም ወደማያውቅበት አዲስ ትምህርት ቤት ይሄዳል። እዚያ የሚወዱት ሁለት ጓደኞች ያገኛል። ልጅዎ ዘንድሮ ማንንም የማታውቅበት ክፍል ገብታለች። ሁለተኛ ዙር የጀመረችው ድግምቱን ልትማር አይመስለኝም። ከነዚያ ልጆች መለየት ከብዷት ነው።

በቤተ መጻሕፍት ሥራዬ ልጆችን የምጠይቀው አንድ ጥያቄ ነበረኝ። «ማን ጎን መቀመጥ ትፈልጊያለሽ?» ዋናውን ጀግና የሚመርጡ ጥቂት ናቸው። ብዙ ዝምተኛ ልጆች ኔቪልን ይመርጡ ነበር። ኔቪል ክብ ፊት ያለው፣ የሚረሳ፣ የሚፈራ ልጅ ነው። በመጀመሪያው መጽሐፍ መጨረሻ ጓደኞቹ ሌሊት ሕግ ጥሰው ሊወጡ ሲሉ በር ላይ ይቆምባቸዋል። እየተንቀጠቀጠ። ርእሰ መምህሩ በኋላ ለዚያ 10 ነጥብ ይሰጡታል፤ ለተማሪ ምድባቸውም ዋንጫውን የሚያስገኘው ያ ነጥብ ነው። ጠላትን መቃወም ብዙ ድፍረት ይጠይቃል፤ ጓደኛን መቃወምም የዚያኑ ያህል ይጠይቃል ብለው። ልጅዎን ይህን ጥያቄ ዛሬ ማታ ይጠይቋት። የምትጠራልዎ ስም ስለ አዲሱ ክፍሏ ብዙ ነገር ይነግርዎታል። ከተቻለም ያንን መጽሐፍ የሚያነብ ሌላ ልጅ ክፍሏ ውስጥ እንዳለ መምህሯን ይጠይቁ። ሁለት አንባቢ ከተገናኘ ወሬ አያልቅም።

ጥያቄ፦ ከጅማ ነው። ኧርዝሲን በየትኛው ልጀምር? ሁሉንም ማንበብ አለብኝ?

መልስ፦ በወጡበት ቅደም ተከተል አንብቢያቸው። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ እ.ኤ.አ. ከ1968 እስከ 1972 ወጡ፤ አጫጭር ናቸው። ሁለተኛው ላይ ጌድን መጀመሪያ ስታጪው አትደንግጪ። ታሪኩ የቴናር ነው። ገና ሕፃን ሳለች ከእናቷ ቤት ወስደው፣ ስሟን ነጥቀው፣ የመቃብር ካህን ያደረጓት ልጅ ናት። ጌድ ዘግይቶ ይመጣል፤ ለእሷ ከሚያደርግላት ሁሉ የሚበልጠው ስሟን መልሶ መስጠቱ ነው። እኔ ከስድስቱ አብልጬ የምወደው ይህን ነው።

ከሦስተኛው በኋላ ደራሲዋ 18 ዓመት ቆየች። አራተኛው እ.ኤ.አ. በ1990 ወጣ፤ የቀሩት ሁለቱ እ.ኤ.አ. በ2001። አራተኛውን ከብዙ ዓመት በኋላ ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ካሉ አሮጌ መጽሐፍ ሻጮች ገዛሁት። ያኔ ጎልማሳ ነበርኩ፣ አልወደድኩትም። ጦርነት የለም፣ የሚያስደንቅ አስማት የለም። አምና ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ደግሜ አነበብኩት። ያቺ ሕፃን ካህን አሁን ባሏ የሞተባት፣ እርሻ የምታስተዳድር ሴት ናት። ጌድም ኃይሉን ሁሉ ሦስተኛው መጽሐፍ ላይ ለሌሎች አፍስሶ ጨርሶታል። ባዶ እጁን ወደ ተወለደበት ደሴት ይመለሳል። ሰው እንዳያየው ያፍራል። ከዚያ ተራራ ወጥቶ ፍየል ይጠብቃል። ያቺ የልጅነት ቃል አሁን አትሠራለትም፤ እንደ ማንኛችንም በእግሩ ነው የሚከተላቸው።

ሃያ ዓመት ካልሞላሽ አራተኛውን ግዢና አስቀምጪው።